የአባዬ ድምፅ ካሴቱ ውስጥ አለ፤ ማጫወቻ ግን የለንም

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ተወልደን ያደግነው ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገባን። ዕቃ ሳስተካክል ከእማዬ ሳጥን ሥር በፌስታል የተቋጠሩ 14 የቪዲዮ ካሴቶች አገኘሁ። አንዱ የእማዬና የአባዬ ሰርግ ነው፣ የ1987። የእኔ ክርስትና፣ የአክስቴ መልስ፣ የአያቴ ቀብርም አለ። የቀሩት ላይ ምንም አልተጻፈም። አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ድምፁ የቀረው እዚህ ላይ ብቻ ይመስለኛል። ዴካችን ተበላሽቶ ድሮ ለቁራሌው ተሸጧል። አንድ ፎቶ ቤት ጠይቄ በካሴት የጠሩልኝ ዋጋ አስደነገጠኝ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ‹ላኪልኝ፣ እዚህ አስገለብጠዋለሁ› ይላል። ታናሼ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ እንጫነው ባይ ነው። እማዬን ስጠይቃት ‹ተዪው እስቲ፣ የሞተን ሰው ምን ትቀሰቅሺዋለሽ› አለችኝ። ሁለቱ ካሴቶች ላይ በመስኮታቸው በኩል ነጭ ነጭ ነገር ይታያል። በረንዳ ላይ አውጥቼ ፀሐይ ላስመታቸው ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባት፣ ከኮዬ ፈጬ»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ካሴቶቹን ከበረንዳው አስገቢልኝ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ለበርበሬ ነው። ካሴት ውስጥ ያለው ክር በጣም ስስ ፕላስቲክ ነው። ምስሉም ድምፁም ያለው በላዩ ላይ በማጣበቂያ በተያዘ የማግኔት ዱቄት ላይ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ይጣመማል። ከተጣመመ በኋላ የትኛውም ባለሙያ ወደ ነበረበት አይመልሰውም።

ያ ነጭ ነገር ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም። ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ስንት ክረምት አሳልፏል፣ ባይሻግት ነበር የሚገርመው። ሁለቱን ካሴቶች ከሌሎቹ ለይተሽ ካኪ ፖስታ ወይም የወረቀት ከረጢት ውስጥ አስቀምጪያቸው። ፌስታል አይሆንም፣ እርጥበቱን መልሶ ያፍነዋል። ስትነኪያቸው አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ መቼም ከቤት አይጠፋም። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ደረቅ ቦታ ይሁኑ። አዲስ ጫማ ስትገዢ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኛት፣ እንዳይበላ የሚል የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? እሷን አብረሽ ብታስቀምጪ እርጥበት ትመጥልሻለች።

ዴክ ውስጥ ግን በጭራሽ እንዳታስገቢያቸው። የሻገተ ካሴት አንዴ ከዞረ ሻጋታው የማሽኑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ይበክላል፣ ቀጥሎ የሚገባው ጤነኛ ካሴትም ይያዛል። ዴክ ያለው ዘመድ ቤት ሄደሽ «እስቲ እንሞክረው» ብትይ የሰው ዴክ አበላሽተሽ ነው የምትመለሺው። እነዚህ ሁለቱ የመጨረሻ ተራ ይያዙ። ሌሎቹ 12 ካለቁ በኋላ፣ ክሩን አውጥቶ ማጽዳት የሚችል ሰው ፈልገሽ።

ቸኩዪ ብልሽ ትደነግጫለሽ፣ አትቸኩዪ ብልሽ ደግሞ ዋሾ እሆናለሁ። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ላይ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይዘው ተነስተው ነበር። የዘርፉ ባለሙያዎች ግምት ከ2025 እ.ኤ.አ. ገደማ በኋላ ከማግኔት ክር ላይ መገልበጥ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል የሚል ነው። ይኼው ደረሰ። ክሩ በአንድ ሌሊት ይጠፋል ማለታቸው አይደለም፣ ዋናው ጣጣ ማሽኑ ነው። ፉናይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ፣ ዴክ ማምረት የቀጠለ የመጨረሻው ድርጅት፣ ሥራውን ያቆመው በሐምሌ 2008 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ አዲስ ዴክ የለም። ያለው አሮጌው ነው። የአሮጌው ጎማ ይደርቃል፣ ሄዱ ያልቃል፣ መለዋወጫ የለም። ጠጋኙም ቢሆን ወይ አርጅቷል ወይ ወደ ሞባይል ጥገና ዞሯል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ጨርሺው። ከክሩና ከዴኩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እናትሽ ናቸው። ወደሳቸው እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ የዕቃውን ነገር እንጨርስ።

ፎቶ ቤቱ ጋ 14ቱንም ካሴት ተሸክመሽ እንዳትሄጂ። አንድ ብቻ ይዘሽ ሂጂ፣ ያውም ቢበላሽ ብዙ የማይቆጭሽን። የአክስትሽን መልስ በያው፣ እሳቸው ይቅር ይበሉኝ። ከመስጠትሽ በፊት በምን እንደሚገለብጡ አሳዩኝ በያቸው። ካሴቱን ቴሌቪዥን ላይ አጫውተው በካሜራ ወይም በስልክ የሚቀርጹ ከሆነ አመስግነሽ ውጪ። እንዲህ ያሉ አሉ። ምስሉ ይርገበገባል፣ የክፍሉ ጫጫታና የመንገዱ ክላክስ ሳይቀር ከአባትሽ ድምፅ ጋር ተቀርጾ ይመጣል። ትክክለኛው ከዴኩ በሽቦ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው ነው።

ሌላው፣ በዲቪዲ እንዳይሰጡሽ። አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው፣ ቢጫር ደግሞ አለቀለት፣ ዛሬ ደግሞ ማጫወቻው ያለው ሰው ስንት ነው? በራስሽ ሃርድ ዲስክ ላይ በኤምፒፎር ፋይል አድርጉልኝ በያቸው። ዘፈን አትጨምሩ፣ አበባ አትበትኑበት፣ ምንም አትቁረጡ በያቸው። ይኼን ጠንከር ብለሽ ተናገሪ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ባለሙያዎች ማሳመር ማለት ዘፈን መደረብ ይመስላቸዋል። ደግነታቸው ነው፣ ግን ዘፈኑ ሲገባ ድምፁ ይወጣል።

ይኼ ነገር አንቺ ጉዳይ ላይ በተለይ ወሳኝ ነው። በዚያን ጊዜ ሰርግ ሲቀረጽ አንዳንዱ ቀራጭ የሽማግሌዎቹን ምርቃትና የሰዉን ጨዋታ አጥፍቶ ከላይ እስከ ታች በሙዚቃ ይሸፍነው ነበር። የሰርጉ ካሴት ሙሉውን ዘፈን ብቻ ሆኖ ብታገኚው እንዳይከፋሽ። ምንም ካልተጻፈባቸው ካሴቶች አንዱ ያልተቆረጠው፣ ጥሬው ቅጂ ሊሆን ይችላል። አባትሽ «ውሃ አምጡ» ሲሉ፣ ሚዜያቸውን ሲያሾፉበት፣ ካሜራማኑን «ቆይ እስቲ» ሲሉ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ነው ስም የሌላቸውን ካሴቶች «ባዶ ይሆናሉ» ብለሽ እንዳታልፊያቸው የምልሽ። የተጻፈባቸውንም ቢሆን ሰርጉ አለቀ ተብሎ እንዳይቆም፣ ክሩ እስኪያልቅ ይሂድ። ካሴት ውድ ዕቃ ነበር፣ ትርፍ ቦታ ላይ የማይቀረጽ ነገር አልነበረም። ከባዶ ሰማያዊ ስክሪን በኋላ አንድ የልደት ቀን ወይም የግቢያችሁ ውሾች ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

አክስቶችሽንም ጠይቂ። የሰርግ ካሴት ለዘመድ ተባዝቶ ይሰጥ ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ ይደክማል፣ ስለዚህ እናንተ ቤት ያለው ቅጂ፣ አክስትሽ ቤት ያለው ዋናው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዘጠናዎቹ ውስጥ «ወደ ሲዲ አስገልብጠነዋል» የሚል ዘመድ ካለም ካሴቱን ጥሎት እንደሆነ አጣሪ። የዚያን ጊዜዋ ቪሲዲ የምትይዘው ምስል ከካሴቱ ያነሰ ነው፣ 352 በ288 ነጥብ ብቻ። ካሴቱ ካለ ከካሴቱ ነው የሚገለበጠው።

አሁን ወደ ታናሽሽ። ዩቲዩብ የሚያውቅ ልጅ ይኼንን ሥራ ቤት ውስጥ መሥራት አያቅተውም። ከመጨቃጨቅ ሥራ ስጪው። ዴክ የት ይገኛል ካልሽኝ፣ በየዘመዱ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። በእድራችሁ ሴቶች በኩል አስጠይቂ፣ ይወጣል። ካልሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ዞር ዞር ማለት ነው፣ እዚያ ግን ሳይሞከር እንዳይገዛ። የትም ይገኝ የት፣ መጀመሪያ የሚገባበት ካሴት የማይረባ መሆን አለበት፣ አሮጌ የፊልም ካሴት ለምሳሌ። ያንን ሳይበላ ግማሽ ሰዓት ካጫወተ በኋላ ነው የእናንተ ተራ። ድንገት ከበላ ጎትቶ እንዳያወጣው። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ ክሩን ቀስ ብሎ በእጅ ማላቀቅ ነው፣ ወይም ለሚችል ሰው መስጠት።

እያንዳንዱ ካሴት ጀርባው ላይ ጠርዙ አካባቢ የምትሰበር ትንሽ ፕላስቲክ አለችው። እሷ ካለች ይስበራት። በስህተት ቀይዋ ቁልፍ ብትነካ በሰርጉ ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት ነው። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ክሩ ተጣብቆና ላልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከማጫወቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ወደፊት፣ ከዚያ እስከ ጫፍ ወደኋላ ይጠቅልለው። በዚህ መሃል ከጮኸ ወይም ከከበደው ወዲያው ያቁም።

ሽቦው ሦስት ራስ ያለው ነው። ቢጫው ምስል፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ። እነሱ ዩኤስቢ ባላት ትንሽ መቀበያ በኩል ላፕቶፕ ውስጥ ይገባሉ። ኤሌክትሮኒክስ መደብር ሄዶ «ከዴክ ወደ ኮምፒውተር ቪዲዮ የምታስገባ» ቢል ይገባቸዋል፣ ካፕቸር ካርድ ይሏታል። ፕሮግራሙ ኦቢኤስ ነው፣ በነጻ ይገኛል። ቅንብሩ ላይ ፓል የሚባለውን የቪዲዮ ሥርዓት ይምረጥ፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል። የኛ አገር ካሴት በዚህ ነው። ምስሉን አራት ለሦስት ይተወው። የዛሬውን ሰፊ ቴሌቪዥን ለመሙላት ሲሉ የሚለጥጡት ሰዎች አሉ፣ ሙሽራው አጥሮና ወፍሮ ይቀራል። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ አግድም መስመሮች ከታዩት ዲኢንተርሌስ የሚለውን ቅንብር ያብራው፣ ይጠፋሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እናንተ አካባቢ ላለ ሰው የግድ ነው፣ መብራት። ኦቢኤስ ሲቀርጽ ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት እንዲያስቀምጥ ይደረግ። በቀጥታ በኤምፒፎር ሲቀርጽ ላፕቶፑ መሃል ላይ ቢዘጋ ፋይሉ ላይከፈት ይችላል፣ የሁለት ሰዓት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ኤምኬቪ ከሆነ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። ሲያልቅ ኦቢኤስ ራሱ ውስጥ ሪሙክስ በሚለው ወደ ኤምፒፎር ይቀይረዋል፣ ጥራቱ አይነካም። ዴኩን በስታቢላይዘር ይሰካው፣ ሥራ ሲያልቅ ይንቀለው። መብራት ሲመለስ በሚመጣው ኃይል ዴክ መቃጠሉ አዲስ አይደለም።

ትዕግሥት ይኑረው። አቋራጭ የለውም። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ማታ ማታ አንድ አንድ እያለ ይሂድ።

ምን ያህል ቦታ ይይዛል? በሰዓት 3 ጊጋባይት ገደማ አድርጊው። 14ቱም ባለ 180 ደቂቃ ካሴቶች ሆነው እስከ አፋቸው ቢሞሉ 42 ሰዓት ነው፣ 126 ጊጋ። ትንሽ የምትባለው ሃርድ ዲስክ ትበቃዋለች። ግን ሁለት ግዙ። አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ ሌላው ሌላ ሰፈር ያለ ዘመድ ቤት። ሌባም እሳትም ሁለት ሰፈር በአንድ ቀን አይሄድም። ፍላሽ ዲስክ ለማመላለሻ እንጂ ለማስቀመጫ አትሁን። በነገራችን ላይ ትልቁ ፋይል ፍላሽ ላይ አልገለበጥም ካለሽ ፍላሹ አልተበላሸም፣ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፋይሉን ከ4 ጊጋ በታች አድርጎ መከፋፈል ነው።

ቴሌግራም ላይ አስቀምጠዋለሁ የሚል ሰው አያጣሽም። ለመላኪያ ጥሩ ነው፣ በነጻ እስከ 2 ጊጋ ያለውን ፋይል ይወስዳል። ስትልኪ ግን «ፋይል» ብለሽ ላኪ። «ቪዲዮ» ብለሽ ከላክሽ አሳንሶና አደብዝዞ ነው የሚያደርሰው። ብቸኛ ማስቀመጫ ግን አታድርጊው፣ አካውንት ይዘጋል፣ ስልክ ቁጥር ይቀየራል። ጉግልም ቢሆን በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፣ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ደግሞ ሊሰርዝ ይችላል።

ታላቅ ወንድምሽን በተመለከተ፣ ሐሳቡ ከፍቅር ነው፣ ካሴቱን ግን አትላኪለት። ቢያንስ እዚህ ሳይገለበጥ። አንደኛ በመንገድ የጠፋ ካሴት ምትክ የለውም። ሁለተኛ፣ አሜሪካ የምትጠቀመው ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ሥርዓት ነው፣ የኛ ፓል ነው። እዚያ ያለ ተራ ዴክ የኛን ካሴት በትክክል አያጫውትም፣ ምስሉ ይዘላል። ፓል የሚያነብ ማሽን ያላቸው ድርጅቶች አሉ፣ ግን ወንድምሽ ይኼንን አጣርቷል? እሱ ከዚያ የላከው ወይም ዘመድ ያመጣው ካሴት በመካከሉ ካለም በተቃራኒው ችግር ይገጥማችኋል፣ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈልጋል። ሥራ ለመስጠት ከሆነ ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ እሱ ይግዛ፣ የፎቶ ቤቱን ሒሳብ ይካፈል፣ ፋይሎቹ ሲያልቁ ደግሞ ሦስተኛው ቅጂ እሱ ጋ ይቀመጥ። ሻጋታ የያዛቸውን ሁለቱን የሚያጸዳ እዚህ ካጣሽ፣ ያኔ በሰው እጅ፣ በእጅ ሻንጣ ይሄዱለታል። የኤርፖርቱ ኤክስሬይ ካሴት አይጎዳም፣ በዚህ አትጨነቂ።

ዩቲዩብ? አይሆንም። አሁን አይሆንም። ሰርጉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በ1987 የተቀረጸው ለእናትሽ ሳሎን ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ የተፋታ አለ፣ የተጣላ አለ፣ ሃይማኖት የቀየረ አለ፣ ያኔ ትንሽ ልጅ ሆና ስትጨፍር የተቀረጸች ዛሬ የቢሮ ኃላፊ የሆነች አለች። ማንንም ሳይጠይቁ ዓለም ፊት ማስጣት ደግ አይደለም። ዘፈን ካለበትም ዩቲዩብ ራሱ በመብት ጥያቄ ድምፁን ሊያጠፋባችሁ ይችላል። ታናሽሽ ለዘመድ ማሳየት ከፈለገ አጭር አጭር ቆርጦ በቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ይላክ፣ እሱም እናትሽ ካዩትና ከፈቀዱት በኋላ። የአያትሽ ቀብር ግን ግሩፑም ውስጥ አይግባ። ውጭ አገር ላለ፣ ለቀብር መድረስ ላልቻለ ዘመድ ተብሎ የተቀረጸ ይመስለኛል፣ እንደዚያ ይደረግ ነበር። ይገልበጥ፣ ለብቻው ይቀመጥ፣ የፈለገ ሰው ጠይቆ ይይ።

አሁን እናትሽ።

«የሞተን ሰው ምን ትቀሰቅሺዋለሽ» ማለታቸው እምቢ ማለት አይመስለኝም። እኔ እንደገባኝ፣ ሳልዘጋጅ ፊቴ ላይ አታምጪብኝ ነው ያሉሽ። ባላቸውን ካጡ ስድስት ዓመት፣ ስንት ዓመት የኖሩበትን ግቢ ከለቀቁ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ነው። እና አንቺ «ሰርፕራይዝ!» ብለሽ ቴሌቪዥን ላይ ከፍተሽ ወጣቱን አባትሽን በካባ ብታመጪባቸው ምን ይሆናሉ? እባክሽ እንዳታደርጊው። መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን እዪው። አልቅሺ፣ ውጣልሽ። ከዚያ በሰርጉ አትጀምሪላቸው። በክርስትናሽ ጀምሪ፣ ወይም በአክስትሽ መልስ፣ ሰው የሚበዛበትና አባትሽ በመሃል አለፍ የሚሉበት። «እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ያኔ የሚሆነውን ታያለሽ። እናት «አላይም» ብላ ስታበቃ «ውይ ውይ፣ ይቺማ የእትዬ እንትና ልጅ አይደለችም እንዴ!» ሳትል የምታልፍበት ቪዲዮ የለም።

የኔ ዋና ምክር ይኼው ነው። ካሴቱ ቢገለበጥ፣ በሦስት ሃርድ ዲስክ ቢቀመጥ፣ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚናገር ከሌለ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆችሽ የሚያዩት የማያውቁትን ሰው ሰርግ ነው። አንቺ እንኳ ስንቱን ታውቂዋለሽ? ሙሽራዋን የሚያጅቡትን ሴቶች፣ ድንኳኑ በር ላይ ከብት የያዘውን ሰውዬ፣ ምርቃቱን የሚመሩትን ሽማግሌ? እናትሽ ሁሉንም ያውቋቸዋል፣ ከነአባት ስማቸው፣ ከነቤታቸው፣ ከነጠባቸው። ይኼ መረጃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም በሃርድ ዲስክ አይገለበጥም።

አደራረጉ ቀላል ነው። ቡና ሲፈላ ቪዲዮውን ከፍተሽ ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። እየቀዳሽ መሆኑን ንገሪያቸው፣ አትደብቂ። እሳቸው ያወሩ፣ አንቺ አቁሚ፣ ቀጥዪ፣ ጠይቂ። ደብተር ላይ ደቂቃውን ጻፊ፤ «23ኛው ደቂቃ፣ ከግራ ነጭ ነጠላ የለበሱት የእማዬ ክርስትና እናት፣ ቀጥሎ ጎረቤት ጋሽ እከሌ፣ የእድሩ ዳኛ የነበሩት»። በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሪ፣ ሲደክማቸው ይበቃል። ሲያለቅሱም አትሩጪና አታጥፊው፣ «ይጥፋ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ «ተዪው» ነው የሚሉሽ።

ሰዎቹ ብቻ አይደሉም። ግቢውን አስቡት። አጥሩ፣ የውሃ ቧንቧው፣ ድንኳን የተተከለበት መንገድ፣ ማዶ ያለው የጎረቤት ቆርቆሮ። እነዚህ ዛሬ የሉም። ካሜራማኑ ሙሽራ ሲጠብቅ ሰልችቶት መንገዱን እየዞረ የቀረጸው ያ ረጅምና አሰልቺ ክፍል አሁን ከሰርጉ እኩል ዋጋ አለው። ለዚህም ነው ምንም አይቆረጥ ያልኩሽ። እናትሽ «እዚህ ጋ የእነእከሌ ቤት ነበር» ሲሉ እሱንም ጻፊ። የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችሁ የተለያየ ኮንዶሚኒየም ተበትነው ይሆናል፣ በአንድ በዓል ቀን የቻሉትን ጠርታችሁ አብራችሁ ብታዩት ደግሞ እናትሽ የረሱትን እነሱ ያስታውሳሉ። ዳቦውን እነሱ ይዘው ይመጣሉ፣ አትጨነቂ።

ቀኑን ለማወቅ፣ የካሜራውን ሰዓት ብዙ አትመኚው። ጥግ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያልተስተካከለ ነው። የሰርጉ ወር ጥር ከሆነ 1987 ማለት በፈረንጅ 1995 ነው፣ መስከረም ወይም ኅዳር ቢሆን ግን 1994 ይሆናል። ክርስትናውማ ራሱ ቀን ይነግርሻል። የሴት ልጅ በ80 ቀን ነው፣ ከልደትሽ ላይ 80 ቁጠሪና ቀኑን ታገኚዋለሽ። ስም ካልተጻፈባቸው ካሴቶች አንዱ የወንድሞችሽ ክርስትና ከሆነ በ40። ፋይሉን ስትሰይሚ ዓመቱን አስቀድሚ፣ ከዚያ የወሩን ቁጥር፣ ከዚያ የነገሩን ስም፤ «1987-05-የእማዬና-የአባዬ-ሰርግ»። እንደዚያ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድርልሻል። በኛ አቆጣጠር መሆኑንም ማስታወሻው ላይ ጻፊ፣ ለአሜሪካ ልጆች ግራ እንዳይገባቸው። የደብተሩን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ከቪዲዮው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቺ።

ተገልብጠው ሲያልቁ ካሴቶቹን አትጣዪ። እስከ መጀመሪያው ድረስ ወደኋላ ጠቅልለሽ፣ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርገሽ፣ ከስፒከር ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። አዲስ ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ለጥቂት ጊዜ እርጥበት ሊኖረው ስለሚችል ወደ ግድግዳ አታስጠጊ። ነገ የተሻለ መሣሪያ ሊመጣ ይችላል። ለቁራሌው ደግሞ፣ እባክሽ፣ ይኼኛውን ዙር አትሽጪለት።

ስለ ዋጋው። በካሴት ከሚያስከፍሉሽ በሰዓት ያስከፍሉሽ፣ የ40 ደቂቃ ክርስትና እንደ ሦስት ሰዓት ሰርግ መታሰብ የለበትም። የሙከራው ካሴት ጥሩ ከሆነ 11 ካሴት ይዤ እመለሳለሁ ብለሽ ቅናሽ ጠይቂ፣ ታናሽሽ የሚገለብጣቸው ካሉ ደግሞ ቁጥሩ ይቀንሳል። እኔ ብሆን የሰርጉን ካሴት ለባለሙያ ሰጥቼ አጠገቡ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር፣ የቀሩትን ለታናሽሽ። ሒሳቡን ደግሞ ለሦስታችሁ ተካፈሉት፣ የዶላሩ ድርሻ ትንሽ ቢበልጥ ማንም አይቀየምም።